ጥቁር የሚሆነው ስልክ

ልጅ ሆኜ ነው፤ ወይም ገና ጎረምሳ። ልደታ አካባቢ ከነበረ የሕዝብ ስልክ ፊት ተሰልፌ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ ያለች ሴት ለአንዲት ትንሽ ልጅ እጀታውን አስይዛ ታስተምራታለች። የሴትየዋ ፊት ጠፍቶኛል። ነጠላ ይሁን ሻሽ የለበሰችው አላስታውስም። ድምጿ ግን አለ።

«አጎትሽ ሳይዘጋ አንቺ እንዳትዘጊ። ነውር ነው።»

«እሱም እኔን እየጠበቀ ቢሆንስ?» አለች ልጅቷ።

ሰልፉ ሳቀ። ሴትየዋ ምን ብላ እንደመለሰችላት ግን አሁን ድረስ አልመጣልኝም። መልስ ይኑራት አይኑራት፣ ሳንቲሙ አልቆ መስመሩ ይቋረጥ፣ አላውቅም። እንዲህ ያለ የመንገድ ወሬ አንድ ቀን ከአንድ ሰው ሬሳ አጠገብ ይመለስብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

*

በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወደ ፖሊስ ጣቢያችን ተደወለልን። የደወለችው ጠጅቱ የምትባል ሴት ናት። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት አቶ ሁመድ ይመር በራቸው ገርበብ ብሎ፣ ራሳቸው ወድቀው አግኝታቸዋለች።

ከሳጅን ሳሚያ ጋር ደረጃውን ስንወጣ ሰዉ ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፈን።

አቶ ሁመድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ፍራሽ ሲሰፉ የኖሩ፣ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ነገር ከሱቅ እንደመጣ ነው። ሶፋው በላስቲክ እንደተሸፈነ አለ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ፍሪጁ በር ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት እንኳ አልተነሣም። ሽፋን ያጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከማዕድ ቤቱ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ሥር፣ ደም ላይ።

ጠርዙ ላይ ፀጉርና ደም አለ። የኋላ ጭንቅላታቸው ነው የተመታው።

በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ያን ቀን ያስደነገጠኝ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ ሳሎኑ ተዘርግቶ፣ ጣቶቻቸው ምንጣፉን ጨብጠዋል። ከወደቁበት ጥቂት ተስበዋል። የሆነ ነገር ጋ ሊደርሱ ነበር።

«ወዲያው አልሞቱም» አለች ሳሚያ በቀስታ።

አማተብኩ።

ልጃቸው ቢላል ደረጃው ላይ ተቀምጦ የአባቱን ነጠላ ጫማ ታቅፏል። ሠላሳ አልሞላውም። የአባቱን ሱቅ የያዘው እሱ ነው። አብረውት ከመስጊድ የተመለሱ ሰዎች ትከሻውን ይዘውታል።

«ዙሁር ሰግጄ መመለሴ ነው» ይላል። «ዙሁር ሰግጄ…»

ሳሚያ የሶፋውን ላስቲክ ገለጥ ስታደርግ ከእጥፋቱ ውስጥ ስልክ አገኘች። ትልቅ፣ አዲስ፣ በጣት የሚነካ ስማርት ስልክ ነው። ነካ ስታደርገው በራ።

«የመጨረሻው ጥሪ ከዚህ የተደወለ ነው። ‹መሪማ› ይላል። ከቀትሩ አዛን በፊት ጀምሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተነጋግረዋል። ካርዱ አልቋል።»

«አክስቴ ናት» አለ ቢላል ከደረጃው ሆኖ። «የአባ ታናሽ እህት። ኮምቦልቻ ነው ያለችው።»

ስሌቱ ቀላል መሰለን። ጥሪው ያለቀው ሰው ሰግዶ ከመስጊድ መውጣት ሲጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ ሽማግሌው እያወሩ ነበር ማለት ነው። ልጃቸው ደግሞ ያኔ ከሰጋጆች መሐል፣ በሶፍ ረድፍ ላይ ነበር። ግራና ቀኙ የሰገዱትን ሁለቱንም ጠየቅናቸው። ሁለቱም አረጋገጡልን።

*

ጠጅቱ በሯ ላይ ቆማ ነው ያነጋገረችን።

«እኔ እኮ ኋላ ግቢ ልብስ ሳሰጣ ነበርኩ። ቢላል ጧት ቁርስ አድርሶላቸው ሲሄድ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ገባ ማን ወጣ አላየሁም። ስመለስ ግን አንድ ሰው አየሁ።»

«ማንን?»

«ያንን ስልክ ሠሪ፣ ዋቅሹማን። ሰው ከመስጊድ እየተመለሰ ነው፣ እሱ ደረጃውን እየዘለለ ይወርዳል። ‹ምነው፣ ጅብ አየህ?› ብዬ ቀለድኩበት። ቀና ብሎም አላየኝ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሞት ይርሳኝ፤ ቀለድኩ እኮ።»

*

የዋቅሹማ ሱቅ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው ፈጣን አፍ አለው። የአቶ ሁመድን መሞት ሰምቶ ይሁን አይሁን ከፊቱ አይታወቅም።

«ጋሽ ሁመድ? ደንበኛዬ ናቸው። ደንበኛ ከተባሉ። ልጃቸው የገዛላቸውን ስልክ ይዘው ሲመላለሱ ሱቄን በጫማቸው ጨረሱት።»

«ስልኩ ምን ሆኖ?»

«ስክሪኑ ጥቁር ይሆንብኛል ይላሉ። ሲደውሉ ይጠፋል፣ ለመዝጋት ቢነኩት እሺ አይልም፣ ያኛው ወገን ካልዘጋው አይዘጋም። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ እንደ ፀሐይ ይበራል። መጀመሪያ አጥፍቼ አበራሁት። ብርሃኑን ጨመርኩላቸው። ተመልሰው መጡ። እንደ አዲስ ፕሮግራም ጫንኩበት። ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ስክሪኑን በሙሉ ቀየርኩ፤ አዲስ፣ ከነላስቲኩ። እሱም ጠቆረባቸው። በሰው ፊት ‹አሮጌ ዕቃ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሌባ› ብለው አዋረዱኝ። እኔም ዝም አላልኩም።»

«ምን አልክ?»

ጫማ ሰፊው ከጎን ሆኖ መለሰ። «‹ስልኩን እላይዎ ላይ ነው የምሰብረው› ነው ያለው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ጀለስ?» አለ ዋቅሹማ።

«ዛሬ ቤታቸው ሄደሃል?» አልኩት።

«እኔ? ከዚች በርጩማ ንቅንቅ አላልኩም።»

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን በመርፌ መውጋት ጀመረ። ዋቅሹማም አየው፤ ፊቱ ተለወጠ።

ጣቢያ ከገባ በኋላ ነው የተናገረው። አቶ ሁመድ «ሱቅህ ውስጥ አይጠቁርም፣ ና ቤቴ መጥተህ እየው» ብለውት ነበር። ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ራሱን አስገብቶ ሲያይ ደሙን አየ።

«ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ትናንት እሰብርብዎታለሁ ያልኳቸው ሰው ደም ውስጥ ተኝተዋል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

ያለውን ሁሉ ጻፍኩ። ግን መዋሸቱ፣ ዛቻው፣ ሽሽቱ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ገጠሙ። ፍርድ ቤት ቀርቦ የጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀበትና ማረፊያ ክፍል ገባ። ዐቃቤ ሕጉም «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን።

እንዳለች የምትባለው ሚስቱ ስንቅ ይዛ መጣች። መውለጃዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ሳህኑን አቀብላን፣ «የሰፈር ሰው ነው የሞቱት፤ ለቅሶ መድረስ አለብኝ» ብላ ሄደች።

«የት ነው የምትሄደው?» አለችኝ ሳሚያ፣ የሰማችውን ባለማመን።

«ሰማሻት እኮ።»

*

የሐኪሙ ምርመራ አልቆ አቶ ሁመድ ተቀበሩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ወንዶቹ እዚያ፣ ሴቶቹ ላይ ቤት ተቀመጡ። ወይዘሮ መሪማ ከኮምቦልቻ የመጣችው በቀብሩ ዕለት ነው። ስልሳዎቹን የጀመረች፣ ቀጭን፣ እጇ ከመቁጠሪያዋ የማይለይ ሴት ናት። ድንኳኑ ጥግ አግኝቼ ሳነጋግራት ቢላል ከጎኗ አልተነሣም።

«እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት። ያን ቀን ከወንድምዎ ጋር በስልክ ስለምን ተጨዋወታችሁ?»

«ብዙም አላ…»

«ስለ አገር ቤት ነው» አለ ቢላል። «ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመድ። አባ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። አይደል አክስቴ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉዎት?»

«ሰላም ሁኚ አለኝ።»

«ከዚያ ዘጉት?»

መቁጠሪያው ቆመ። ወደ ቢላል አየች። እሱ ውሃ ቀድቶ ሰጣት። «ደንግጣለች ኢንስፔክተር» አለኝ። «እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሌላ ቀን ቢሆንስ?»

ስወጣ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። ብርጭቆውን ይዛለች፤ አልጠጣችም።

*

በማግስቱ ጧት እንደ ልማዴ በልደታ ማርያም በር ተሳልሜ ቢሮ ገባሁ። የሐኪሙ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከተመቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች በሕይወት ቆይተዋል ይላል። የዋቅሹማ ቀጠሮ የሚያልቀው በማግስቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን መጻፍ ጀምሯል።

አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ሰውየው ስልኩ ይጠቁርብኛል ብለው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ፤ እኛ ግን ስልኩን ካገኘንበት ሰዓት ጀምሮ ሲበራ እንጂ ሲጠቁር አላየነውም። ዋቅሹማም አላየውም። ማን ነው የዋሸው?

ካርድ ገዝቼ ሞላሁበትና ከጎን ክፍል ላለችው ሳሚያ ደወልኩ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል ጌታዬ።»

«በቃ፣ ሙከራ ነው።»

ከጆሮዬ ሳነሣው ጥቁር ነበር። ነካሁት። ምንም። ጎኑን ተጫንኩ። ምንም። ድንጋይ የያዝኩ መሰለኝ። ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ተደግፌ፣ ብቻዬን መሆኔን አይቼ፣ «እመቤቴ፣ ያልገባኝን ግለጪልኝ» አልኩ። ሻዩን ቀመስ አደረግኩ። «ይቺም ልጅ ስኳር አስለመደችኝ፣ ልትገድለኝ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሳሚያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ስኳሩን ከነገ ጀምሮ እቀንሳለሁ» አለች። «የቀረውን እርስዎው ይጸልዩበት።»

«ሰማሽኝ?»

«ሁሉንም። የሻዩን ፉት ማለት ሳይቀር።»

«ታዲያ ለምን አልዘጋሽውም?»

ተገርማ አየችኝ። «እርስዎ ሳይዘጉ እኔ እንዴት እዘጋለሁ? አለቃዬ አይደሉም እንዴ? ነውር ነው እኮ።»

ነውር ነው። ከዚያ ሩቅ ዘመን፣ ከሕዝብ ስልኩ ሰልፍ፣ የሴትየዋ ድምፅ መጣ። እሱም እኔን እየጠበቀ ቢሆንስ?

ስልኩን አንሥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ፊቱ ላይ ከፋብሪካው የመጣው ስስ ላስቲክ እንደተለጠፈ ነው። የፋብሪካው ጽሑፍ ከላይ በኩል ታትሞበታል። እንደ ሶፋው። እንደ ሪሞቱ።

የላስቲኩን የላይ ጫፍ በጥፍሬ ትንሽ አነሣሁትና እንደገና ደወልኩ። ጆሮዬ ላይ ጨለመ፤ ከጆሮዬ ሳርቀው በራ። ጫፉን መልሼ ተጫንኩት። ጠቆረ፤ አልበራም አለ።

ዋቅሹማን አስጠራነው። ሳሳየው ግንባሩን ያዘ።

«ከላይ እኮ ትንሽ ዓይን አለችው። ጆሮ ሲጠጋት እንድታጨልም የተሠራች። ላስቲኩ ሸፍኗት…» ላስቲኩን በጣቱ ነካው። «ሁልጊዜ ጆሮ ላይ ያለ ይመስለዋል። አንድም ቀን ደውዬበት አላየሁም። አብርቼ አየዋለሁ፣ ይበራል፣ እመልስላቸዋለሁ። አዲሱን ስክሪን ስገጥም ላስቲኩን ልልጥ ስል ‹እንዳትነካው፣ አዲስ ዕቃ ነው› አሉኝ። እኔም ተውኩት። ስክሪን ሙሉ ከማስቀየር አንድ ላስቲክ ልጬ ቢሆን ኖሮ አንጣላም ነበር።»

ከዚያ ሳሚያ ቀስ ብላ ወንበር ሳበች።

«ጌታዬ፣ ጥሪው ረዘመ ማለት ሰውየው አወሩ ማለት አይደለም።»

«አይደለም።»

«መስመሩ ክፍት ነበር ማለት ነው እንጂ። እሳቸው መዝጋት አልቻሉም። ታናሽ እህታቸው ደግሞ ታላቋ ላይ አትዘጋም።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አላህዬ፤ ሴትየዋ ሰምታለች።»

ስልኩ ደህና ቢሆን ኖሮ መስመሩ ክፍት መሆኑን ብርሃኑ ያስታውቅ ነበር። የገባው ሰው ግን ሶፋው ላይ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው ያየው።

*

ሴቶቹ ዘንድ ቢላል አይገባም። ሳሚያ ሻሿን አስተካክላ ከለቀስተኞቹ መሐል ገባችና ወይዘሮ መሪማን ለሶላት ታጥባ ውዱእ እንድታደርግ ብላ ወደ ጠጅቱ ቤት አሻገረቻት። እኔ እዚያ እጠብቅ ነበር። ስታየኝ አልደነገጠችም። የመጣሁበትን የምታውቅ መሰለች።

«ልጁ የለም እናቴ» አልኳት። «እኔና ሳሚያ ብቻ ነን።»

የወንድሟን ስልክ አውጥቼ ወደ እሷ ደወልኩ። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ ስሙን አየች። «ጋሼ» ይላል። አነሣችው። እኔም የደወልኩበትን የወንድሟን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጠቆረ።

ምንም አልጠየቅኳትም። ሰው ሊናገር ሲል ቃል ማቀበል ደግ አይደለም።

ረጅም ጊዜ ጥቁሩን መስታወት አየችው።

«ዝጊው ይለኝ ነበር» አለች። «‹ይሄ ነገር አይዘጋልኝም መሪማ፣ አንቺው ዝጊው።› እሺ እላለሁ፤ እጄ ግን አይታዘዘኝም። አባታችን ከሞተ እንደ አባት ያሳደገኝ ሰው ነው። እንዴት ብዬ ፊቱ ላይ እዘጋለሁ? ካርዱ እስኪያልቅ እሰማዋለሁ። ሲያስል፣ ሲራመድ፣ ቴሌቪዥኑን ሲቆጣ። ደስ ይለኛል። አጠገቡ ያለሁ ይመስለኛል።»

«ያን ቀንስ?»

«‹ቢላል መጣ፣ በይ ሰላም ሁኚ› አለኝ። አኖረው። እኔም ልጁን በድምፁ ላገኘው ብዬ ቆየሁ።» አይኗን ጨፈነች። «‹አባ፣ አገር ቤት ግባ፣ ቤቱን ልቀቅልኝ› ይለዋል። ‹ላገባት ላልኳት ልጅ ቤተሰቦች ቤቱ የኔ ነው ብያለሁ› ይለዋል። ጋሼ ደግሞ ‹ነገ ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ውሸት ተሸክሜ ከሰው ደጅ አልቆምም፤ እውነቱን እነግራቸዋለሁ› አለው። ድምፃቸው ከፍ አለ። ከዚያ ገፋው መሰለኝ። አንድ ነገር… እንደ ዱባ።»

ሳሚያ ፊቷን አዞረች።

«‹አባ፣ ተነሥ› አለው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዝም። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሰማሁ። ብዙ ውሃ። እጁን ነው መሰለኝ፣ ወይ ውዱእ እያደረገ። ከዚያ በሩ።»

ከዚያ ቤት ታጥቦ ወጥቶ ነው ሶፍ ላይ የቆመው።

«እኔ እጮሃለሁ። ‹ጋሼ፣ ጋሼ› እላለሁ። ያጣጥራል፤ ይሰማኛል። ሲሳብ ይሰማኛል። ድምፄን ሰምቶ ይሆናል ወደኔ የሚመጣው።»

ምንጣፉን የጨበጡት ጣቶች ፊቴ ላይ መጡ።

«ለሌላ ሰው ለመደወል መዝጋት ነበረብኝ። ጣቴን አደረግኩበት። ብዘጋው ብቻውን ይሆናል አልኩ። አልቻልኩም።» እንባዋ አልወረደም፤ ድምፅዋ ብቻ ቀጠነ። «አዛን አለ። ጋሼ አዛን ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ቃል በቃል ይከተላል። የመጀመሪያውን ቃል አለው። ሁለተኛውንም አለው። ከዚያ አዛኑ ብቻውን ቀጠለ።»

ታች ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲያስል ይሰማል።

«ካርዱ ሲያልቅ ለቢላል ደወልኩ። ዙሪያው ሰው ነበር። ‹አባ ደህና ነው፣ ተኝቷል› አለኝ። ተኝቷል።»

«ለምን አልነገሩንም እናቴ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድሜን ወሰደብኝ። ልጁንም እኔ በእጄ ልስጣችሁ? ከጋሼ ወዲያ ከእሱ ሌላ ማን ተረፈኝ? ጡት አጥብቼዋለሁ እኮ።»

«የታሰረ ሰው አለ» አልኳት። «ያልሠራውን ሊከሰስበት ነው።»

«ስልክ ሠሪው።»

«አዎ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።»

መቁጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

«ያቺ በሩ ጋ የምትቀመጠው?»

«ያቺ» አለች ሳሚያ።

«ትናንትም ዛሬም መጥታለች። ሴቶቹ ከአጠገቧ ይነሣሉ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማንም ውሃ አልሰጣትም። እኔ ሰጠኋት።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «‹እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ› አለችኝ። ባሏን ያሳሰርኩባት እኔ ነኝ፣ እሷ አጽናናችኝ። አልነገረችኝም። አንድ ቃል አልነገረችኝም።»

የሞላሁት ካርድ አልቆ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ስልኳ ጮኸ። ሦስታችንም ደነገጥን። ቢላል ነው።

ለሳሚያ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት። በቀስታ ወጥታ ወደ ድንኳኑ ወረደች። ወይዘሮ መሪማ ስልኩን እስኪበቃት አየችውና አነሣች። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«አክስቴ፣ የት ሄድሽ? እንግዳ መጥቷል።»

«ጎረቤት ነኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ቢላል» አለች። «ያን ቀን ስልኩ አልተዘጋም ነበር።»

የድንኳኑ ሁካታ ብቻ።

«ውሃውን ሰማሁ ልጄ። የቧንቧውን ውሃ።»

ይክዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷም የጠበቀችው ይህንኑ ይመስለኛል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚለማመጥ ሰው፣ «አክስቴ፣ ሰው እንዳይሰማሽ» አላት።

ፊቷ ላይ የነበረው የመጨረሻ ልመና ያኔ ጠፋ። እሱ አልዘጋም፤ ታላቁን እየጠበቀ ነው። እንደዚያ ያስተማረችው እሷ ናት። እሷም ወዲያው አልዘጋችም። ትንፋሹን ጥቂት አዳመጠችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ተዘጋ።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ሳሚያ ድንኳኑ በር ላይ ከቢላል ጎን ቆማለች። እሱ ስልኩን አሁንም ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው።

«ነገ ጧት ጣቢያ መጥተው ቃልዎን ቢሰጡ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እስከ ነገ ከቆየሁ እጄ ደግሞ እምቢ ይለኛል» አለች። ጎንበስ ብላ መቁጠሪያዋን አነሣችና ቆመች። «አሁን እመጣለሁ። የሰማሁትን ሁሉ፣ ቃል ሳላስቀር፣ እሱ ባለበት እናገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ እሺ በሉኝ። ስናገር ከጎኑ አስቀምጡኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፋች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ያቺን በሩ ጋ የምትቀመጠውን ልጅም ጥሯት» አለች። «እሷም ትስማ።»